ባለጉዳይ ሲኖር ብቻ የሚጻፍ መዝገብ፦ የልደትና የሞት ምዝገባ በኢትዮጵያ ታሪክ



ዛሬ የምናገረው ስለ ልደትና ስለ ሞት መዝገብ ነው። ርእሱ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ እንጂ የታሪክ ጉዳይ ላይመስል ይችላል። ሆኖም በአገራችን የዘመናዊ ታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ከባድ ጥያቄዎች ብዙዎቹ መልስ ያጡት ይህ መዝገብ ባለመኖሩ ነው። በኅዳር 1911 በአዲስ አበባ የገባው ወረርሽኝ፣ ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ የሚያስታውሰው፣ ስንት ሰው ፈጀ? በ1977ቱ ረኃብ ስንት ወገን አለቀ? ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጡት ግምቶች ከ400,000 እስከ 1,000,000 ይደርሳሉ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ የአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብ ያህላል። እነዚያ ሰዎች ስም ነበራቸው፤ የሚያለቅስላቸው ዘመድም ነበራቸው። ያልነበራቸው የተጻፈ ገጽ ነው። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. ካላልሁ በስተቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ የመከራከሪያ ሐሳቤን ላስቀምጥ። ኢትዮጵያ የጽሕፈት ባህል ያጣች አገር አልነበረችም፤ ጽሕፈቱ ግን የሚቀሰቀሰው በክርክር እንጂ በኩነት አልነበረም። ሰው ስለ ተወለደ ወይም ስለ ሞተ አይጻፍም ነበር፤ የሚጻፈው ርስት፣ ውርስ ወይም ሹመት አከራካሪ ሲሆን ነው። ይህ ልማድ መልኩን እየለወጠ እስከ ዘመናችን ደርሷል። የዛሬውን መዝገብ ጥራትም ሆነ አያያዝ ያለዚህ ታሪክ መረዳት አይቻልም።

የቀድሞውን ዘመን እንመልከት። በየገዳማቱና በየአድባራቱ የሚገኙ የወንጌል መጻሕፍት በኅዳጋቸውና በባዶ ገጾቻቸው ላይ የጉልት ስጦታ፣ የሽያጭና የውል ማስታወሻ ይዘዋል። የተራ ሰው ልደት ግን በዚያ አይገኝም። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ ቄሱ የክርስትና ስም ያወጣል፤ ስሙና ቀኑ የሚቀመጠው ግን በእናትና በንስሐ አባት ልቡና ነው። በርስት አገር የተወለደ ሰው የዘር ሐረጉን እስከ ሰባት ትውልድና ከዚያም በላይ መቁጠር ይችል ነበር፤ ምክንያቱም መሬት የሚገኘው በዚያ ቆጠራ ነው። የትውልድ ቆጠራው ስለት ያለው የሙግት መሣሪያ ነበርና ለሙግት የማይጠቅም ሰው ከሐረጉ ይወድቃል። በልጅነቱ የሞተ፣ ልጅ ያልወለደ፣ ርስት የሌለው ሁሉ ከመታሰቢያው ይሰረዛል። ዕድሜም ቢሆን የሚለካው በታላላቅ ክስተቶች ነበር፦ በክፉ ቀን የተወለደ፣ በኅዳር በሽታ ጊዜ ዳዴ የሚል፣ ጣልያን ሲገባ እረኛ የነበረ እየተባለ። ይህ አቆጣጠር ለማኅበረሰቡ በቂ ነበር። በቂ መሆኑ ያቆመው መንግሥት ስለ ዕድሜ መጠየቅ በጀመረበት ጊዜ ነው።

መንግሥት መጠየቅ የጀመረበት ዋናው ሰነድ በ1952 የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት ይህ ሕግ ስለ ክብር መዝገብ፣ ማለትም ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት ምዝገባ፣ ሰፊ ድንጋጌዎች ነበሩት። መዝገቡ እንዴት እንደሚያዝ፣ ማን እንደሚጽፍ፣ ስሕተት እንዴት እንደሚታረም በዝርዝር ተደንግጎ ነበር። ነገር ግን በመጨረሻዎቹ አንቀጾች፣ በቁጥር 3361፣ ስለ መዝገቡ የተነገሩት ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪታወቅ ድረስ ሥራ ላይ እንደማይውሉ ተጻፈ። ያ ትእዛዝ ሳይወጣ ንጉሣዊው መንግሥት አለፈ፤ ደርግም መጥቶ ሄደ። አንድ ሕግ በራሱ አንቀጽ ታስሮ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ተኛ።

ሕጉ ቢተኛም የሰው ጉዳይ አልተኛም። ትምህርት ቤት የሚገባ፣ ፓስፖርት የሚያወጣ፣ ውርስ የሚጠይቅ ሰው ማስረጃ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቶች፣ ከ1967 ወዲህም ቀበሌዎች፣ ለጠየቃቸው ሰው ማስረጃ ይሰጡ ነበር። የወራሽነት ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ በምስክሮች ይረጋገጣል። የልደት ምስክር ወረቀት ሰው ከተወለደ ሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ጉዳይ ሲገጥመው፣ በራሱ ቃልና በምስክሮች ቃል የሚሠራ ወረቀት ሆነ። ልብ እንበል፤ ይህ የርስት ሙግቱ ልማድ በማኅተም ተጊጦ መመለሱ ነው።

ለውጡ የመጣው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው። አዋጁ ምዝገባን ግዴታ አደረገ፤ ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ ለቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም እንዲነገር አዘዘ። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። አዋጁ ኋላ በቁጥር 1049/2009 ተሻሻለ፤ ከ2010 ጀምሮም በአገራችን የተጠለሉ ስደተኞች ልደትና ሞት መመዝገብ ጀመረ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ከላይ ያየነው ውርስ በአንድ አዋጅ አይጠፋም። በሦስት ነገሮች ይታያል፦ በዕድሜ፣ በስምና በሞት።

ስለ ዕድሜ ስንናገር የቆጠራ ሰንጠረዦቻችንን ማየት ይበቃል። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 በተካሄዱት ቆጠራዎች በዜሮና በአምስት የሚያልቁ ዕድሜዎች ከጎረቤቶቻቸው በጣም የበዛ ሕዝብ ይዘዋል። ሰው ሁሉ ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት፣ አርባ ነው። ከዚህ ሌላ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት አለ። ዓመቱ ብቻ ተጽፎ «1990 የተወለደ» ቢባል እ.ኤ.አ. በ1997 ወይም በ1998 ሊሆን ይችላል፤ ታኅሣሥ 22 እና ታኅሣሥ 23 እንኳ በሁለት የፈረንጅ ዓመታት ይለያያሉ። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ስደተኛ ወገኖቻችን የልደት ቀናቸው በወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 የሆነው ጸሐፊው ባዶ ቦታ መተው ስላልተፈቀደለት ነው። ከዚህ የከፋም አለ። ዕድሜ በቃል ብቻ በሚሠራበት ቦታ ልጅን ትልቅ ማድረግ ቀላል ነው። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሄዱ ልጃገረዶች ዕድሜ በወረቀት ላይ ተጨምሮ እንደ ነበር የታወቀ ነው። አዋጅ ቁጥር 213/1992 የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጓል፤ ልጅቱ ዐሥራ አራት ዓመቷ መሆኑን የሚያሳይ፣ ከጉዳዩ በፊት የተጻፈ ገጽ ከሌለ ግን ሕጉ የሚቆመው በአባት ቃል ላይ ነው።

ስለ ስም ደግሞ፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም እንጠራለን። አንድ ሰው የዓለም ስም፣ የክርስትና ስምና የቤት ስም ሊኖረው ይችላል። በዚያ ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በንባብ አንድ ሆነው በጽሕፈት ይለያያሉ። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለጆሮ አንድ ሰው ሲሆኑ ለኮምፒውተር ሁለት ናቸው። ስሙ ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ ልዩነቱ ይባዛል። የልደትን ገጽ ከሞት ገጽ ጋር ለማገናኘት የሚሞክር ተመራማሪ መጀመሪያ የሚጋጨው ከዚህ ጋር ነው።

ሦስተኛው ሞት ነው፤ ከሁሉም የከፋው ጉድለት ያለው በዚህ ነው። የልደት ወረቀት ጥቅም አለው፤ ልጅ ሲያድግ ይፈለጋል። የሞት ወረቀት የሚፈልገው ግን ወራሽ፣ ጡረታ ተቀባይ ወይም ባለ ዕዳ ነው። ቤት ያልነበረው፣ የባንክ ደብተር ያልነበረው ሰው ሞቱን የሚያስመዘግብለት ምን ምክንያት አለ? ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃንማ ሰፊ ለቅሶ እንኳ አይወጣለትም። ስለዚህ የሞት መዝገባችን የባለ ንብረት አዋቂዎችን ሞት እያጎላ የድሆችንና የሕፃናትን ሞት ይሰውራል። ከዚህ መዝገብ የጨቅላ ሕፃናትን ሞት ለመለካት የሚነሣ ሰው የሚለካው የውርስን ስፋት ነው።

ታዲያ ሞትን በአገራችን መቁጠር አይቻልም ማለት ነውን? አይደለም። ሁለት ምሳሌዎች አሉን። በ1979 በቡታጅራ፣ በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትንና ሞትን የሚጽፉ ሠራተኞችን አሰማራ። ሥራው ለበርካታ ዓመታት ቀጠለ። ሁለተኛው በአዲስ አበባ በ1993 የተጀመረው የመቃብር ስፍራዎች ክትትል ነው። በከተማይቱ የመቃብር ስፍራዎች የሚፈጸመው ቀብር ሁሉ እንዲጻፍ ተደረገ። በዚህም ዘዴ የኤድስ ሞት ምን ያህል እንደ ነበረ፣ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላም ምን ያህል እንደ ቀነሰ ለማየት ተቻለ። ቀበሌው ያላወቀውን መቃብር ቆፋሪው ያውቅ ነበር። እድሩም ያውቃል፤ የእድር ጸሐፊ ጥሩንባ ከተነፋበት ሰዓት ጀምሮ ማን፣ መቼ፣ የት እንደ ሞተ በመዝገቡ ይይዛል። ዕውቀቱ በማኅበረሰቡ አለ፤ የጎደለው ዕውቀቱ ወደ ክብር መዝገብ የሚደርስበት መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ የመቃብሩ ጥናት ሌላም ነገር አስተምሮናል። ቤተ ዘመዶች የሞቱን ምክንያት ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ «የሳንባ በሽታ» ወይም «ብርድ» ይሉ ነበር። ይህን ውሸት ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። ሐዘንተኛው ቃሉ ወደ ማን ጆሮ እንደሚደርስ ስለማያውቅ ሟቹንና ቤተሰቡን እየጠበቀ ነው። እዚህ ላይ የጥራት ጥያቄና መረጃን በኃላፊነት የማጋራት ጥያቄ አንድ ይሆናሉ። ሰው እውነቱን የሚናገረው ለሚታመን መዝገብ ብቻ ነው።

መፍራቱም ያለ ምክንያት አይደለም። የኔዘርላንድ የሕዝብ መዝገብ በአውሮጳ በጥራቱ ከሚደነቁት አንዱ ነበር፤ ሃይማኖትንም ይጽፍ ነበር። ጀርመን አገሪቱን ስትይዝ ያ ጥራት ለገዳዮች አገለገለ፤ ከአገሪቱ አይሁድ ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። በማርች 1943 እ.ኤ.አ. የአምስተርዳም አርበኞች የራሳቸውን ከተማ መዝገብ ቤት ያቃጠሉት በዚህ ምክንያት ነው። በሩዋንዳም ቤልጅጎች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በመታወቂያ ላይ የጻፉት የጎሣ ስም በ1994 እ.ኤ.አ. በየኬላው የሞት ፍርድ ሆነ። እኛም በቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ስንጽፍ የኖርን ነንና ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ መዝገብ ያዥ ሊጠይቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህን ለምን እጽፋለሁ?» የሚል ነው። ያልተጻፈ አይሰረቅም።

ከዚህ ታሪክ የሚከተሉት መደምደሚያዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ኩነቱ የተፈጸመበት ቀንና የተመዘገበበት ቀን ለየብቻ ይጻፉ፤ ያልታወቀ ቀን «አልታወቀም» ይባል እንጂ በግምት አይሞላ። ስሕተት ሲታረም የቀድሞው ቃል ሳይፋቅ ከእርማቱ ጋር ይቆይ። ሁለተኛ፣ ምዝገባው ባለጉዳይን አይጠብቅ፤ ጤና ጣቢያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱና እድሩ ኩነቱን የሚያሳውቁበት ሥርዓት ይጽና። ሦስተኛ፣ መረጃው በሦስት ደረጃ ይከፈል። ባለቤቱና ሕጋዊ ወራሹ የራሳቸውን ገጽ ያግኙ፤ ተመራማሪ ስምና መለያ የተነሣለትን፣ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያግኝ፤ ሕዝቡ ደግሞ ድምሩን ያለ ክልከላ ይየው። የሞት ምክንያት ለወራሽ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ሳይሆን በተለየ ምስጢራዊ ቅጽ ይያዝ። የግል መረጃን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዚህ መሠረት ይሰጣል፤ የቀረው በቀበሌ ጠረጴዛ ላይ እውን ማድረግ ነው።

በመጨረሻ ለታሪክ ተማሪዎች አንድ ቃል አለኝ። ድምሩን መከልከልም ራሱ ጥፋት ነው። በ1966 የወሎ ረኃብ የተሰወረው የሟቾች ቁጥር ለመሆኑ ማንም አይስተውም። የአንድን ሰው ገጽ መጠበቅና የብዙ ሰዎችን ሞት መሰወር የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው በመጀመሪያው ስም ሲፈጸም ዝም ማለት አይገባንም። ዛሬ በአንድ ቀበሌ በጥንቃቄ የተጻፈ የሕፃን ሞት ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ተመራማሪ ከብዙ ዜና መዋዕል ይበልጥ ይነግረዋል። እኛ ስለ ኅዳር 1911 ያጣነውን እርሱ ስለ ዘመናችን እንዳያጣ ማድረግ በእጃችን ነው።