ያረጀ የነዳጅ ጎማ፦ ሽታው ሲጀምር ምን መደረግ አለበት?

በወረዳ ከተሞችና በገጠር መንገዶች ላይ እህልና ሰው ከሚያመላልሱ ተሽከርካሪዎች መካከል ዕድሜያቸው ሃያና ሠላሳ ዓመት የተሻገረው ጥቂት አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። በመሆኑም ያለው መኪና እየተጠገነ ለተጨማሪ ዓመታት መሥራቱ አይቀርም። ሞተሩ ይታደሳል፤ ፍሪሲዮኑ ይቀየራል፤ ቀለሙም ይቀባል። በዚህ ሁሉ መሐል የሚረሳው ከአብዛኛው መለዋወጫ በዋጋ የሚያንሰው የነዳጅ ጎማ ነው።

ነዳጅ ከሰርባቶዮው ተነሥቶ ሞተሩ ዘንድ እስኪደርስ አብዛኛውን መንገድ የሚጓዘው በብረት ቱቦ ነው። ጎማ የሚገባው ንዝረት ባለበትና ሁለት ዕቃዎች በሚገናኙበት ቦታ ሲሆን፣ ይኸውም ከሰርባቶዮው መውጫ፣ ከማጣሪያው ግራና ቀኝ፣ ከፖምፓው እስከ ካርቡራቶሩ እና በመመለሻው መስመር ላይ ነው። ጎማው ከውጭ በሞተር ሙቀትና በአየር፣ ከውስጥ ደግሞ በነዳጁ ይበላል። አንዳንዱ ደርቆ እንደ በጋ መሬት ስንጥቅጥቅ ይላል፤ ሌላው አብጦና ለስልሶ በጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይሰረጉዳል። ሁለተኛው ዓይነት ጉዳት በተለይ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን በቀመሱ አሮጌ ጎማዎች ላይ ይታያል። በአዲስ አበባ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተመረቱ ብዙ ጎማዎች ይህን ድብልቅ እንዲቋቋሙ ታስበው የተሠሩ አልነበሩም።

የአደጋውን መጠን ለመረዳት የቤንዚንን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚቀጣጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ከፈሳሹ የሚነሣው ትነት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል፤ ስለዚህ በደጋም ሆነ በቆላ፣ በሌሊትም ሆነ በቀን አይተኛም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ ተነሥቶ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ጉድጓድና ቦይ ውስጥ ይተኛል። በአየሩ ውስጥ ከመቶ አንድ ተኩል እጅ ያህል ከሆነ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። እሳቱን የሚሰጠው ያረጀ የካንዴላ ሽቦ፣ ዲናሞ ወይም የጋለ ማርሚታ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ርምጃ ርቃ ከሰል ያቀጣጠለች የሻይ ነጋዴ ምድጃም እንዲሁ።

ብዙ አሽከርካሪዎችን የሚያዘናጋ ሌላም ነገር አለ። ፖምፓው ነዳጁን የሚገፋው ሞተሩ ሲሠራ በመሆኑ፣ በጉዞ ላይ የሚረጨው ስንጥቅ መኪናው ቆሞ ኮፈኑ ሲከፈት ደረቅ መስሎ ሊገኝ ይችላል። የፈሰሰውም በሞተሩ ሙቀት ወዲያው ይተናል። ስለዚህ ጠብታ አለመታየቱ ጎማው ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ከዓይን ይልቅ አፍንጫን ማመን ይሻላል። አዲስ የቤንዚን ሽታ፣ በተለይም መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ የሚበረታ ከሆነ፣ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ጉዞውን ማቆም ይገባል።

ይህ ጉዳይ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው የአባይ በረሃ መንገድ ነው። መንገዱ ከደጋው ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። በሸለቆው ሙቀት፣ ጭነት ይዞ በዝቅተኛ ማርሽ ዳገት የሚወጣ አሮጌ የካርቡራቶር መኪና በፖምፓውና በቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ሊፈላና ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል። ሾፌሮች በዚህ ጊዜ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገው እስኪበርድ ይጠብቃሉ፤ ችግሩ ይህ ብቻ ከሆነ ዘዴው ይሠራል። ነገር ግን በሙቀት የጠፋ ሞተርና ጎማው ተሰንጥቆ ነዳጅ ያጠረው ሞተር ምልክታቸው ይመሳሰላል። የቤንዚን ሽታ እያለ «ሙቀት ነው» ብሎ ደጋግሞ ሞተሪኖ መምታት በተጠራቀመ ትነት ላይ ብልጭታ መስጠት ነው።

መንገድ ላይ ሽታው ሲመጣ

የመጀመሪያው ተግባር ከመንገዱ ወጥቶ መቆምና ሞተሩን ማጥፋት ነው። ቦታው ግን ይመረጥ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የአጨዳና የውቂያ ወቅት በመንገዱ ዳር ደረቅ ሣር፣ ገለባና የእህል ክምር አለ፤ የጋለ ማርሚታ ያለውንና ቤንዚን የሚያንጠባጥብን መኪና እዚያ ላይ ማቆም የአንድን ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ጠጠር ወይም ባዶ መሬት ይሻላል። ተሳፋሪዎች ሳይዘገዩ ወርደው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቢያንስ ሃያና ሠላሳ ርምጃ ይራቁ። ሲጋራ አይለኮስ፤ ከኮፈኑ ሥር ለማየትም ክብሪት ወይም ላይተር ፈጽሞ አይጫር። በምሽት ከሆነ የባትሪው መብራት ወደ መኪናው ከመቅረብ በፊት ይብራ።

ከኮፈኑ ጭስ የሚወጣ ከሆነ ኮፈኑን ቦግ አድርጎ መክፈት እሳቱን በአየር መመገብ ነው። ጥቂት ከፈት አድርጎ በክፍተቱ በኩል የዱቄት እሳት ማጥፊያ መርጨት ይቻላል። ውኃ አይደፋ፤ ቤንዚን ውኃ ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ይዞ ይሄዳል። ማጥፊያ ከሌለ በመሬት ላይ ያለውን ትንሽ እሳት በአፈር ወይም በአሸዋ ማፈን ይቻላል። አንድ ኪሎ ዱቄት የሚይዘው ማጥፊያ ተረጭቶ የሚያልቀው በአሥር ሰከንድ ገደማ ውስጥ ስለሆነ ሁለተኛ ሙከራ የለውም። እሳቱ ካየለ መኪናውን ትቶ መራቅ ይገባል። በነገራችን ላይ፣ በብዙ መኪኖች ማጥፊያው ያለው ከጭነቱ ሥር ወይም ከኋላ ወንበር በታች ነው፤ ቦታው ግን የሾፌሩ እጅ በሚደርስበት ነው፤ የግፊት መለኪያው ቀስትም አረንጓዴው ላይ መሆኑ በየጊዜው ይታይ።

የገበያ ቀን በሆነ ጊዜ ፈተናው ይከብዳል። ተሳፋሪው ይቸኩላል፤ አትክልቱ ይጠወልጋል፤ ሾፌሩም የቀኑ ገቢ ይታየዋል። ረዳቱ ስንጥቁን በፌስታል ይጠቀልላል፤ ወይም ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቀደደ ላስቲክ ያስርበታል። ሳሙና የሚለጥፉም አሉ። ሳሙና በቤንዚን ስለማይሟሟ ሰርባቶዮ ላይ ለሚገኝ የመርፌ ቀዳዳ ለአጭር ጊዜ ሲያገለግል ኖሯል። የሚንቀጠቀጥና ግፊት ያለበት ጎማ ላይ ግን አይጸናም። ከመነዳሪውም በቤንዚን አብጦ ይለቃል። ከሁሉ የከፋው የፖምፓውን መስመር ትቶ ቤንዚን በጀሪካን ኮፈን ላይ አስቀምጦ በቀጭን ቱቦ ወደ ካርቡራቶሩ ማውረድ ነው፤ ጀሪካኑ ቢገለበጥ ነዳጁ በሙሉ በጋለው ሞተር ላይ ይፈስሳል። ሰው ጭኖ እንዲህ ማሽከርከር በምንም ስሌት አያዋጣም። መኪናውን አስጎትቶ ወይም መካኒኩን ወደ ቦታው ጠርቶ ማሠራት ግን የአንድ ቀን ገቢ ቢያስቀር ነው።

ጎማውን መቀየር

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ሥርዓት ግን ይፈልጋል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ቦታው ከቤትና ከጋራዥ ጥግ ይልቅ ነፋስ የሚነፍስበት ሜዳ ይሁን። ኮፈኑ ተከፍቶ ትነቱ እስኪበተን ከቆየ በኋላ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይነቀላል። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ ያለበት ገመዱ ሲነቀል ራሱ ብልጭታ ሊሰጥ ስለሚችል ነው። የሰርባቶዮው ክዳን ከፈት ተደርጎ ግፊቱ ይለቀቃል። ከጎማው የሚወርደው ነዳጅ በብረት ዕቃ ይጠራቀም፤ የነካው ጨርቅም ከሰዎችና ከእሳት ርቆ ውጭ ይሰጣ።

እንደ ኮሮላ ዲኤክስ ያሉ የካርቡራቶር መኪኖች በመስመሩ ላይ ያላቸው ግፊት ከግማሽ ባር ያነሰ ነው። እንደ ቪትዝ ያሉት፣ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የሚረጩ መኪኖች ግን ሦስት ባር ገደማ ግፊት አላቸው፤ ይህም ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ጎማው እንደተፈታ ቤንዚኑ ዓይን ውስጥ ይረጫል። ስለዚህ አስቀድሞ የፖምፓው ፊውዝ ተነቅሎ ሞተሩ በመስመሩ የቀረውን እስኪጨርስ ይነሣል፤ ይህን ለማያውቅ ሰው ግን ሥራው የመካኒክ ነው።

የልዩነቱ ጣጣ ጎማ ሲገዛም ይከተላል። ለካርቡራቶር የሚበቃው ጎማ ብዙውን ጊዜ «ኤስኤኢ ጄ30 አር7» የሚል ምልክት ያለበት ሲሆን፣ ለከፍተኛ ግፊት የሚሆነው «አር9» ነው። አር9ን ለካርቡራቶር መጠቀም ይቻላል፤ አር7ን ለከፍተኛ ግፊት መኪና ማድረግ ግን አይቻልም። ምንም ጽሑፍ የሌለበት ጎማ ለውኃ ይሁን ለነዳጅ አይታወቅምና ቢረክስም ይቅር። የውኃ ጎማና ብርሃን የሚያሳልፈው ፕላስቲክ ቱቦ ቤንዚን ሲነካቸው ይደርቃሉ ወይም ይለሰልሳሉ። ለናሙና የተቆረጠውን አሮጌ ጎማ ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ የውስጡን ስፋት ለማመሳሰል ይረዳል።

አንዱ ጎማ ከተሰነጠቀ የዕድሜ እኩዮቹም ቀናቸው ቀርቧል። ጫፉን ቆርጦ መልሶ ማሰር በየጋራዡ የተለመደ ቢሆንም ትርፉ ጥቂት ነው፤ ሁሉንም በአንድ ቀን መቀየር ይሻላል። አዲሱ ጎማ በቱቦው ጫፍ ካለው እብጠት አልፎ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ይገባል፤ ማሰሪያው ፋሸታ ከእብጠቱ ኋላ ይውላል። በጣም የጠበቀ ፋሸታ ጎማውን ስለሚቆርጥ ጠርዙ ለስላሳ የሆነውን መምረጥ ጥሩ ነው። ጎማው ከማርሚታው ርቆ፣ ከቺንጋና ከስለት ካለው ብረት ጋር ሳይነካካ በነበረበት መያዣ ይታሰር። ከዚያ ባትሪው ይመለሳል፤ ማጥፊያው በቅርብ ተደርጎ፣ ኮፈኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩ ይነሣል። መገጣጠሚያዎቹ በደረቅ ነጭ ወረቀት ይፈተናሉ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላና በማግሥቱም ይደገማል።

ናፍጣ እንዲህ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው የሚቀጣጠል ትነት የሚሰጠው። ይሁንና በአይሱዙና በአሮጌ ላንድክሩዘር ላይ ካሉት ቀጫጭን የመመለሻ ጎማዎች የሚረጭ ናፍጣ የጋለ ማርሚታ ላይ ካረፈ ሊነድ ይችላል። ወደ ኢንጄክተር የሚሄደው የብረት ቱቦ ካፈሰሰ ደግሞ በእጅ አይዳሰስ፤ ግፊቱ ናፍጣውን ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ያስገባዋል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋል።

ነዳጅ በአፍ መሳብም ሌላው ልማድ ነው። ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ብርቱ የሳንባ ጉዳት ያደርሳል። የዋጠ ሰው እንዲያስመልስ ማድረግ አይገባም፤ ወተት ማጠጣትም አይጠቅመውም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ልብሱ በቤንዚን የራሰ ሰው ከእሳት ርቆ ልብሱን ያውልቅ፤ ገላውንም በሳሙናና በውኃ ይታጠብ። መሬት ላይ የፈሰሰው በደረቅ አፈር ወይም አሸዋ ይመጠጥ፤ አፈሩም ከጉድጓድ ውኃ፣ ከመስኖ ቦይና ከከብት መጠጫ ርቆ በክፍት ቦታ ይዘርጋ። ወደ ቦይ በውኃ መልቀቅ ትነቱን ወደ ጎረቤት ምድጃ፣ ዘይቱንም ወደ ጓሮ አትክልት መላክ ነው።