ቋሚ ሥራ ስንት ዓመቱ ነው?

«ቋሚ ሥራ አላገኛችሁም እንዴ?» ይሉናል ወላጆቻችን። በኮንትራት ስንተረጉም፣ በፍሪላንስ ቪዲዮ ስናቀናብር ሲያዩን ከአያት ከቅድመ አያት ወግ ያፈነገጥን ይመስላቸዋል። እስቲ ታሪኩን እንየው።

ብራና የሚጽፈው ቁም ጸሐፊ፣ ባለቤቷ ያመጣችለትን ፈትል የሚሸምነው ሸማኔ፣ ግንበኛው፤ ሁሉም በተስማሙበት ዋጋ ሠርተው፣ አስረክበው ወደ ሌላ ደንበኛ የሚሄዱ ነበሩ። እንግዳው ደሞዝተኛው ነው! የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌ የወጣው በ1953 ዓ.ም. ነው። የሠራተኛ ማኅበራት በአዋጅ እውቅና ያገኙት ደግሞ በ1956 ዓ.ም.።

ታዲያ ወላጆቻችን ለምን ይጨነቃሉ? በጥር 1967 ዓ.ም. ደርግ ትልልቅ ድርጅቶችን ወረሰ። መንግሥት ዋናው ቀጣሪ ሆነ፤ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂም ሥራ የሚይዘው በምደባ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ምደባው ቀረ፣ ጥያቄው ግን ቤታችን ውስጥ ቀረ።

ሥጋታቸው ግን ከንቱ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ዓይነት ሰው ለይቶ አስቀምጧል፤ በአሠሪው መሪነት የሚሠራ ተቀጣሪና በራሱ ኃላፊነት የሥራውን ውጤት የሚያስረክብ ተዋዋይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚጠብቀው የመጀመሪያውን ነው። በራሱ ኃላፊነት በዋጋ የሚሠራውን ከአዋጁ ውጭ አድርጎታል። የዓመት ፈቃድ የለውም፣ የሥራ ስንብት ክፍያ የለውም። ለተቀጣሪ አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮም ለእሱ የለም።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት 2:30 ፈርሞ የሚገባ፣ በቢሮው ኮምፒዩተር የሚሠራ፣ ከአለቃው ትእዛዝ የሚቀበል ልጅ «ፍሪላንሰር» ተብሎ ውል ሲያስፈርሙት፣ ነጻነቱን ሳያገኝ ዋስትናውን ብቻ ያጣል። አዋጁ የቅጥር ውል የሚለው በአሠሪው መሪነት በደሞዝ መሥራትን ነው፤ እንዲህ ያለው ውልም ለተወሰነ ጊዜ የሚሆነው ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው።

ስለዚህ ጎበዝ፣ ሸማኔው ዋጋውን ራሱ ይነጋገር ነበር፣ መወርወሪያውም የራሱ ነበር። እኛም ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ፤ ጊዜያችንን የሚያዝዘው ማነው? እኛ ከሆንን ዋጋችንን ስንቆርጥ ሕመሙንም ጡረታውንም እናስላ። እነሱ ከሆኑ ግን ቀጣሪ ናቸውና እንደ ቀጣሪ ይክፈሉን።