ከአድዋ እስከ ማይጨው፦ አርባ ዓመት በጦር መሣሪያ ታሪክ

አድዋና ማይጨው ሁለቱም በትግራይ ምድር የሚገኙ ናቸው፤ በሁለቱም ቦታ የተፋለሙት ኢትዮጵያና ኢጣልያ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ጊዜ አርባ ዓመት ብቻ ሲሆን፣ የመጀመሪያው በድል፣ ሁለተኛው በሽንፈት ተፈጽሟል። ይህን ልዩነት በጀግንነት ማነስ ለመተርጐም የሚሞክር ሁሉ ይሳሳታል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ከ17 ሺህ በላይ ወታደርና 56 መድፍ ይዞ ተሰለፈ። የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ወደ 100 ሺህ እንደሚደርስ ሲገመት፣ ከወታደሩ ብዙው ውጅግራ፣ ሰናድር፣ ወጨፎና ሌላም ነፍጥ የታጠቀ ነበር። ነፍጥ ከነጋዴ ይገዛል፣ በበቅሎ ይጫናል፤ ገበሬውም ጥይት እስካገኘ ድረስ ያለ መካኒክ ይዋጋበታል። ስለዚህ ኢንዱስትሪ የሌለው አገር እንኳ በግዢ ብቻ ከባለ ኢንዱስትሪው ጋር ሊቀራረብ ይችል ነበር።

ከዚያ በኋላ የጦርነት መልክ ተለወጠ። በ1904 ዓ.ም. ኢጣልያ በሊቢያ ላይ ከአውሮፕላን ቦምብ ጣለች። ታንክና የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው መርዝ በአውሮፓ ጦር ግንባር የታዩት በአንድ ዓመት፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው አውሮፕላን የገባው ግን በ1921 ዓ.ም. ነበር።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ አካባቢ የተሰለፈው ሠራዊት መርዝ ከሰማይ ወረደበት። የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1917ቱን የጄኔቫ ስምምነት ኢጣልያ ፈርማ ነበር። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር፣ በቤልጅግ መኰንኖች የሠለጠነው የክብር ዘበኛ ጭምር፣ ከንጋት ጀምሮ ሲዋጋ ዋለ። ሲያፈገፍግም በአሸንጌ ሐይቅ ዳር አውሮፕላኖች ቦምብና መርዝ አዘነቡበት። ለመገናኛ የታመነው ራዲዮ እንኳ መልእክቱ በጠላት እየተጠለፈ ምሥጢር አሳልፎ ሰጠ።

እንግዲህ የተለወጠው የመሣሪያው ዓይነት ብቻ አይደለም። ከነፍጥ በስተጀርባ የሚያስፈልገው ነጋዴ ነበር፤ ከአውሮፕላን በስተጀርባ ግን ነዳጅ፣ መለዋወጫ፣ መካኒክ፣ አብራሪ፣ ፋብሪካና እነዚህን ሁሉ የሚያፈራ ትምህርት ቤት አለ። ነፍጥ በአንድ ክረምት ሊገዛ ይችላል፤ ባለሙያ ትውልድ ግን በገበያ አይገኝም። በማይጨው የወደቁት ሰዎች ዕዳ የከፈሉት በጐደላቸው ልብ ሳይሆን፣ ከጦርነቱ አስቀድሞ ባልተሠራው ሥራ ነው።