ከመዳብ ሰሌዳ የተወረሰ ስሕተት፦ ኢትዮጵያ በኔዘርላንድ ካርታዎች

በ16ኛውና በ17ኛው ምእተ ዓመት በአንትወርፕና በአምስተርዳም የታተሙት ካርታዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚደነቁት በውበታቸው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ግን ካርታዎቹ እንደ ብራና መጻሕፍት የቅጂ ታሪክ ያላቸው መሆኑን ነው።

በቅድሚያ አሠራራቸውን እንመልከት። ቀራጩ የምድሩን መልክና የቦታዎቹን ስም በመዳብ ሰሌዳ ላይ በሹል ብረት ገልብጦ ይቀርጻል። ቀለም የሞላው ሰሌዳ በእርጥብ ወረቀት ላይ ተጭኖ ይታተማል። ድንበሩን፣ ባሕሩንና ጌጡን በውሃ ቀለም የሚቀባው ሌላ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1570 ታዋቂውን አትላስ በአንትወርፕ ያሳተመው አብርሃም ኦርቴሊየስ ራሱ በ1547 የቅዱስ ሉቃስን የባለሙያዎች ማኅበር የተቀላቀለው በካርታ ቀቢነት ነበር።

መዳብ ውድ በመሆኑ ሰሌዳ ይወረሳል፤ ይሸጣልም። ዮዶከስ ሆንዲየስ በ1604 የመርካተርን ሰሌዳዎች ገዛ፤ ከሆንዲየስ ቤት ደግሞ ብዙ ሰሌዳዎች ወደ ቪለም ብላው ተሻገሩ። ሰሌዳው ባይሸጥ እንኳ አንዱ የሌላውን ካርታ አይቶ ይቀርጽ ነበር።

የዚህ ልማድ ውጤት በአገራችን ካርታ ላይ ጎልቶ ይታያል። ኦርቴሊየስ በ1573 ያወጣው የ«ቄስ ዮሐንስ» ግዛት ካርታ ኢትዮጵያን ከምድር ወገብ አሳልፎ ወደ ደቡብ ይዘረጋታል፤ ዓባይንም የእስክንድርያውን ቶለሚን ተከትሎ ከሩቅ ደቡብ ሐይቆች ያስነሣዋል። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ ነበር፤ ሆኖም የጻፈው ታሪክ በእጅ ጽሑፍነት ቀረ። ስለዚህ ብላው በ1635 ያሳተመው ካርታ ያንኑ አሮጌ መልክ ደገመ። እውነቱ በወረቀት ተደብቆ ሳለ ስሕተቱ በመዳብ ይባዛ ነበር ማለት ነው።

ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 በሮም ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። ከእኒህ የአምሐራ ሊቅ የሰማውንና ከኢየሱሳውያን ጽሑፎች ያገኘውን አስተያይቶ በ1683 ባወጣው ካርታ ዓባይ ከግሽ ተነሥቶ፣ ጣናን አልፎ፣ ጎጃምን ይዞራል።

የብራና ስሕተት ተፍቆ እንደሚታረም መዳብም ተፍቆ ሊታረም ይችል ነበር። የጎደለው የሚያውቀውን ሰው መጠየቅ ነበር። በእኔ እምነት የጥንት ካርታ የሚያነብ ተማሪ በቀለሙ ሳይማረክ በፊት፣ ሰሌዳው ከማን እንደ ተወረሰና ስሞቹን ማን እንደ ነገረ መመርመር ይገባዋል።