አንድምታ

አንድምታ የግእዝ ቅዱሳት መጻሕፍት በአማርኛ የሚተረጎሙበት የሊቃውንት ስልት ነው፤ ስሙ መምህሩ ሌላውን ፍች ሲጀምር ከሚያስቀድመው «አንድም» የወጣ ነው። ለምሳሌ የደብረ ታቦር ከተማ ስሟን የወሰደችበትን፣ ነሐሴ 13 የሚከበረውን ታሪክ እንመልከት፤ ኢየሱስ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ተራራ ወጥቶ በፊታቸው በክብር ተለወጠ። ወንጌላውያኑ የተራራውን ስም አልጻፉም፤ ታቦር ያለው ትውፊት ነው። ሉቃስ ግን ደቀ መዛሙርቱ እንቅልፍ ከብዷቸው እንደነበርና ክብሩን ያዩት ሲነቁ መሆኑን ይነግረናል። ስለዚህ መውጣቱን የሐሳብ ከፍታ፣ መንቃቱን የኅሊና ብርሃን አድርጎ ማንበብ ከውጭ የመጣ ፈጠራ አይደለም፤ በሩን የከፈተው ራሱ ጽሑፉ ነው።

«እንዲህ ከሆነ ታሪኩ ተረት ሆነ፤ ሁሉም እንዳሻው ይፈታዋል» የሚል ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን «አንድም» ይጨምራል እንጂ አይሽርም፤ ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ በእግራቸው የወጡት ተራራ በቦታው ይቆያል። ምናብም ልጓም አለው፤ ከንባቡ ያልተነሣ ፍች፣ ምንም ቢያምር፣ አንድምታ አይባልም።