ነጋዴው፣ መንገዱና ቫይረሱ፦ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የተገኘ ትምህርት

እኛ ድንበር እየተሻገርን የምንነግድ ሰዎች አንድ የቆየ ስም ተለጥፎብናል። «በሽታውን የሚያመጡት ነጋዴና ሹፌር ናቸው» ይባላል። በሞያሌም፣ በመተማም፣ በጋላፊም ይህን ያልሰማ የለም። አባባሉ ምን ያህሉ እውነት፣ ምን ያህሉ ሐሜት እንደሆነ ለመለየት ግን ታሪኩን ከሥሩ ማየት ይጠይቃል። የዚህ ታሪክ ትልቁ ክፍል ያለው በኡጋንዳና በታንዛኒያ ገጠሮች ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካሴንሴሮ በደቡብ ኡጋንዳ፣ በዚያን ዘመን በራካይ አውራጃ ሥር የነበረ፣ ከታንዛኒያ ድንበር ብዙም ሳይርቅ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። በኢዲ አሚን ዘመን ዕቃ ከገበያ ሲጠፋ፣ ኡጋንዳውያን «ማጌንዶ» የሚሉት የኮንትሮባንድ ንግድ በዚያ አካባቢ ደራ። በ1978 እና 1979 ደግሞ የኡጋንዳና የታንዛኒያ ጦርነት በዚያው ምድር አለፈ። በ1982 ገደማ የካሴንሴሮ ወጣት ነጋዴዎችና ዓሣ አጥማጆች ተቅማጥ እያጣደፋቸው፣ አጥንታቸው እስኪታይ እየከሱ ይሞቱ ጀመር።

መንደርተኛው ያገኘው ማብራሪያ የንግድ ማብራሪያ ነበር። «የኛ ልጆች የታንዛኒያን ነጋዴዎች ዕቃ ወስደው ሳይከፍሉ ቀሩ፤ እነሱም አስደገሙባቸው» ተባለ። በታንዛኒያ በኩል፣ በካጌራ፣ ሕዝቡ በሽታውን «ጁሊያና» አለው፤ ጁሊያና ነጋዴዎች ከኡጋንዳ የሚያመጡት የጨርቅ ዓይነት ስም ነበር። እያንዳንዱ ወገን ጥፋቱን ከድንበር ማዶ አደረገው። እውነቱን ለማወቅ ግን ደም መመርመር ነበረበት።

በ1985 ዴቪድ ሰርዋዳ የተባሉት ኡጋንዳዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጽሑፍ አወጡ። ሕዝቡ «ስሊም» ማለትም «ቀጭን» ብሎ በሰየመው በሽታ ከተያዙ 71 ሕሙማን መካከል በ63ቱ ደም ውስጥ ዛሬ ኤች አይ ቪ የምንለው ቫይረስ ምልክት ተገኘ። ሴቶችም ከወንዶች በማይተናነስ ቁጥር ታመው ነበር። ድግምት የተባለው ነገር በወሲብ የሚተላለፍ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ።

በ1988 የኡጋንዳና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ተባብረው የራካይን ፕሮጀክት ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ ግኝቶቻቸው አንዱ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። በዋናው መንገድ ላይ ባሉት የንግድ ማዕከሎች ከአዋቂ ሴቶች 47 በመቶ፣ ከወንዶች 26 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ ነበረባቸው። ከዋናው መንገድ ወጣ ባሉ የገበያ መንደሮች ቁጥሩ ለሴቶች 29፣ ለወንዶች 22 በመቶ ገደማ ሆነ። ገበሬው ብቻ በሚኖርባቸው መንደሮች ደግሞ በሁለቱም ጾታ ከ10 በመቶ በታች ነበር።

ታዲያ ሐሜተኛው ልክ ነበር ማለት ነው? ቁጥሩን ረጋ ብሎ ያየ ሰው ሌላ ነገር ያነብበታል። አስፋልት ቫይረስ አይወልድም። በንግድ ማዕከል ግን ጥሬ ገንዘብ የያዘና ከቤተሰቡ የራቀ ወንድ ያድራል። መኝታ የምታከራይ፣ ጠላ ወይም ቢራ የምትሸጥ፣ መሬትና ባል የሌላት ሴትም እዚያው እንጀራዋን ትፈልጋለች። ከሁሉም በላይ የተጎዱት እዚያው የተቀመጡት ሴቶች መሆናቸውን ልብ እንበል። መንገደኛው አድሮ ያልፋል፤ እሷ ግን እዚያው ትቀራለች። ከዚህም ሌላ፣ እንዲህ ባለ ቦታ ጨብጥ፣ ቂጥኝና ከርክር ሳይታከሙ ይከርማሉ።

የተመራማሪዎቹ ቀጣይ ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው። የአባላዘር በሽታ ብልት ላይ ቁስልና ብግነት ስለሚያመጣ ለኤች አይ ቪ በር ይከፍታል። እንግዲያው የአባላዘር በሽታን ብናክም ኤች አይ ቪን እንቀንሳለን ወይ?

መልሱን መጀመሪያ የፈለጉት በታንዛኒያ በሙዋንዛ ክልል ነው። ከ1991 ጀምሮ 12 የገጠር ማኅበረሰቦችን ወሰዱ፤ በ6ቱ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ከሕመምተኛው ምልክት ተነስተው የአባላዘር በሽታን እንዲያክሙ ሠለጠኑ፤ መድኃኒትም ሳይቋረጥ ቀረበላቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ እንክብካቤው በተሻሻለባቸው መንደሮች አዲስ የተያዙት 1.2 በመቶ፣ በሌሎቹ ደግሞ 1.9 በመቶ ሆኑ። ውጤቱ በ1995 ሲታተም ቅነሳው 40 በመቶ ገደማ ነበርና ዓለም ተደሰተ።

ራካይ ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከረ። ምልክት ያለውም የሌለውም አዋቂ ሁሉ በየ10 ወሩ በየቤቱ መድኃኒት እንዲወስድ ተደረገ። ከ12,000 በላይ ሰዎች ተሳተፉ። በ1999 የወጣው ውጤት ግን ሙዋንዛን የሚደግፍ አልሆነም። ቂጥኝን የመሳሰሉ አንዳንድ በሽታዎች ቀነሱ፤ ኤች አይ ቪ ግን በሁለቱም ወገን በዓመት ከ100 ሰው 1.5 ገደማ እየያዘ ቀጠለ።

ምርምሩ ዋሸ ያለ ነበር። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም፤ ሁለቱ ቦታዎች በአንድ ደረጃ ላይ አልነበሩም። በሙዋንዛ ገጠር ቫይረሱ የነበረበት ሰው 4 በመቶ ገደማ ሲሆን በራካይ 16 በመቶ ደርሶ ነበር። ቫይረሱ በትዳርና በቤት ውስጥ ከተሰራጨ በኋላ የአባላዘር በሽታን ብቻ ማከም አይበቃም። በተጨማሪም በሙዋንዛ የታመመ ሰው በፈለገበት ቀን ይታከማል፤ በራካይ መድኃኒቱ የሚመጣው በወራት ልዩነት ነው፤ በመካከሉ ሰው እንደገና ይያዛል። ብዙዎቹን ቁስሎች የሚያመጣው ኸርፒስም በእነዚያ መድኃኒቶች አይነካም። ትምህርቱ ለነጋዴ ቅርብ ነው፤ በአንድ ገበያ ያተረፈ ዕቃ በሌላው ሊከስር ይችላል።

ከራካይ ሌላ ትልቅ ነገር ወጣ። አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት 415 ጥንዶች ተጠንተው ውጤቱ በ2000 ታተመ። በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በጨመረ ቁጥር መተላለፉም ይጨምራል። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1,500 ቅጂ በታች ካለባቸው ሰዎች ግን በዚያ ጥናት አንድም ሰው አልተያዘም።

ይህ ጥናት ክርክርም አስነሣ። ለተሳታፊዎቹ ምክርና ኮንዶም በነፃ ይሰጥ ነበር፤ ውጤታቸውን ለትዳር ጓደኛቸው እንዲነግሩም ይበረታቱ ነበር። ሰውየው ካልተናገረ ግን ተመራማሪው አይናገርም፤ ዕድሜ የሚያራዝመው መድኃኒትም በዚያን ጊዜ ለገጠር ኡጋንዳ አልደረሰም ነበር። «ይህ በሀብታም አገር ይፈቀድ ነበር ወይ?» ብለው የጠየቁ ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬ መድኃኒት በእጃችን ሲገባ፣ ደማቸውን ሰጥተው ይህን እውቀት ያስገኙት ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው እንዳልደረሱበት ማስታወስ አለብን።

እውቀቱ ግን ፍሬ አፈራ። በ2011 ኬንያን ጨምሮ በ9 አገሮች በ1,763 ጥንዶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሕክምናን ቀድሞ መጀመር ወደ ትዳር ጓደኛ መተላለፍን በ96 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። አሁን ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰና መድኃኒቱን የማያቋርጥ ሰው በወሲብ እንደማያስተላልፍ ተረጋግጧል። ራካይ የወንድ ግርዛት ከሴት ወደ ወንድ የመተላለፍን ዕድል በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስም በ2007 አሳይቷል። በአገራችን ግርዛት ልማድ ስለሆነ «እኔ ተገርዣለሁ» ብሎ የሚዘናጋ አለ። ግማሽ መከላከያ ኮንዶምን አይተካም፤ ሚስትንም በቀጥታ አይጠብቅም።

ኢትዮጵያም በዚህ መንገድ አልፋለች። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው፤ ቫይረሱም ቀድሞ በከተሞችና በዋና ዋና መንገዶች ዳር በረታ። ከ2005 ጀምሮ ግን ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል።

እንግዲህ ለኛ የሚቀረው ተግባር ነው። መንገድ የሚያበዛ ሰው በየጊዜው ይመርመር። ፈሳሽ ወይም ቁስል ያየ፣ በየሱቁ ክኒን ከመለቃቀም ይልቅ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የትዳር ጓደኛውንም አብሮ ያሳክም፤ አንዱ ታክሞ ሌላው ከቀረ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። መድኃኒት የጀመረ ድንበር ከመሻገሩ በፊት ለጉዞው የሚበቃውን ይያዝ፤ ኬላ ተዘጋ ወይም ዕቃ ተያዘ ተብሎ መድኃኒት አይቋረጥም። መድኃኒት የያዘ ጓደኛችንንም በዓይናችን አንሸምቅቀው፤ ሐሜት ፈርቶ የደበቀው ክኒን ነው የሚቋረጠው።

በካሴንሴሮ አንዱ ወገን ድግምትን፣ በካጌራ ሌላው ጨርቅን ሲከስስ ሁለቱም ልጆቻቸውን ቀበሩ። የበሽታውን መንገድ ያሳጠረው መመርመርና መታከም እንጂ ከማዶ ያለውን መወንጀል አይደለም።