በፈረስ ጋጣ ውስጥ የተማሩት የአቶም ተመራማሪዎች

አቶም ከሦስት ነገሮች እንደተሠራ እናስተምራለን። ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ፕሮቶንና ቻርጅ የሌለው ኒውትሮን መሃል ላይ ኒውክለሱ ውስጥ አሉ፤ ኔጋቲቩ ኤሌክትሮን ደግሞ በዙሪያው አለ። ተማሪዎቻችን ይህን በቃላቸው ይወጡታል። እንዴት እንደተገኘ ግን ብዙ ጊዜ ሳንነግራቸው እናልፋለን።

መጀመሪያ የታወቀው ኤሌክትሮን ነው፤ በ1897 ቶምሰን አገኘው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1909 ጋይገርና ገና ተማሪ የነበረው ማርስደን የአልፋ ቅንጣቶችን በጣም ወደ ሳሳ ወርቅ ለቀቁ። አብዛኞቹ አልፈው ሲሄዱ ጥቂቶቹ ወደ ኋላ ተመለሱ። አለቃቸው ራዘርፎርድ ይህን መርምሮ የአቶም ክብደት መሃል ላይ ባለች ትንሽ ኒውክለስ ውስጥ መከማቸቱን በ1911 አስረዳ።

ሂሳቡ ግን አልገጠመም። ሂሊየም የሁለት ፕሮቶን ቻርጅ እያለው ክብደቱ የአራት ነው። የቀረው ከየት መጣ?

መልሱን ያገኘው የራዘርፎርድ ተማሪ ጄምስ ቻድዊክ ነው። በ1913 ከጋይገር ጋር ሊሠራ በርሊን ሄደ። በዓመቱ ጦርነት ሲነሳ ጀርመኖች የጠላት አገር ዜጋ ነው ብለው ሩህሌበን ካምፕ አስገቡት። ቦታው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ስለነበረ ሰዎቹ የሚኖሩት በፈረስ ጋጣ ነበር። ብርዱና ረሃቡ ከባድ ነበር። ቢሆንም ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ የሚያውቀው የማያውቀውን ያስተምር ጀመር። ቻድዊክም እዚያው ላቦራቶሪ አቋቋመ። ያኔ ጀርመን ውስጥ ቶሪየም ያለበት የጥርስ ሳሙና ይሸጥ ስለነበር (ዛሬ አደገኛነቱ ታውቋል) ጨረሩን ከሱ አገኘ። ቻርልስ ኤሊስ የተባለ የጦር ትምህርት ቤት ተማሪም ከእሱ ፊዚክስ ተምሮ በኋላ ታዋቂ ሳይንቲስት ሆነ።

ቻድዊክ ከአራት ዓመት በኋላ በ1918 ተለቀቀ። በ1932 ካምብሪጅ ውስጥ ከቤሪሊየም የሚወጣ ጨረር ከሻማ ሰም ፕሮቶኖችን እየገፋ ሲያስወጣ መርምሮ ኒውትሮንን አገኘ። የሂሊየም ሂሳብም ተዘጋ፤ ሁለት ፕሮቶን ሲደመር ሁለት ኒውትሮን። በ1935 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ይህን ስንል ካምፕ ደግ ነው ማለታችን አይደለም። ትምህርታችን መሃል ላይ የተቆረጠብን ብዙዎች ነን፤ የባከነውን ዓመት ማንም አይመልስልንም። ግን ጥያቄ መጠየቅ ዕቃ አይፈልግም። እናም መምህራን፣ አቶምን ስታስተምሩ የሂሊየምን ሂሳብ ሰሌዳ ላይ ጻፉና መልሱን ከመናገራችሁ በፊት ተማሪዎቹ ይከራከሩበት።